አዳሪ ይግባ ወይስ አያቱ ጋ ይቆይ?

ሰኔ ሲመጣ ወደዚህ አምድ የሚደርሰው ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። የፍቅርና የትዳሩ ነገር ለጊዜው ረገብ ይልና “ልጄን የት ላስመዝግብ?” የሚለው ይበዛል። ዘንድሮ ከደረሱኝ ሁሉ አንዱ እንቅልፍ ነስቶኛል። ጠያቂዋ ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እናት ናት። እንዲህ ትላለች፦

“እህቴ፣ ከአገሬ ከወጣሁ 6 ዓመት ሊሞላኝ ነው። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፤ 14 ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ 8ኛን ይፈተናል። አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው የሚኖረው፤ የሚማረውም መንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እናቴ ደክማለች። ‘የት አምሽተህ መጣህ?’ ብትለው አይሰማትም አሉ። አንድ የግል አዳሪ ትምህርት ቤት አግኝቼለታለሁ፤ ክፍያው ግን የደሞዜን ከግማሽ በላይ ይወስዳል። እሱን ካስገባሁት ኮንትራቴን ለ2 ዓመት ማደስ አለብኝ። ካላደስኩ መስከረም ላይ አገሬ እገባለሁ። ትንሽ ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለችኝ፤ ሱቅ ቢጤ ትከፍትልኛለች። እኔ ሳልማር ቀርቼ ነው የሰው ቤት የምጠርገው። እሱ እንደኔ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?”

እህቴ፣ እኔ አልወለድኩምና “ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች” እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ቢሆንም ስለመንግሥት ትምህርት ቤት የማውቀውን ልንገርሽ። እስከ 12ኛ የተማርኩት እዚያው ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነን፣ አንዱን የሒሳብ መጽሐፍ ለሦስት ይዘን ነው ያደግነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብም አላመጣሁም። ስለዚህ “የመንግሥቱ ምንም አይልም” ብዬ ልሸነግልሽ አልችልም።

ፍርሃትሽም ከሜዳ የመጣ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ጉዱ ወጥቷል። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም ተሻሻለ ተብሎ 8.4 በመቶ ደረሰ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥ ምን ይገርማል?

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አስተውይ። በየዓመቱ በውጤት ስማቸው ከፍ ብሎ ከሚነሳው መካከል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ። ሰውም ይህን ይሰማና “አዳሪ የገባ ያልፋል” ይላል። እነማን ናቸው ቢባል ግን መቀሌ ያለው ቃላሚኖ፣ አዳማ ያለው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ትምህርት ቤት፣ አዲስ አበባም እቴጌ መነን የልጃገረዶችና ገላን የወንዶች አዳሪ ይጠቀሳሉ። እነዚህ ገንዘብ ያለው ሁሉ ከፍሎ የሚገባባቸው አይደሉም። መንግሥት ወይም የልማት ማኅበር የሚያስተዳድራቸው፣ ጎበዝ ጎበዙን በውጤትና በመግቢያ ፈተና መርጠው የሚወስዱ ናቸው። ተመርጦ የገባ ልጅ ቢያልፍ ምስጋናው የአልጋው ብቻ ነውን? አንቺ ያገኘሽው ትምህርት ቤት “አዳሪ” ስለተባለ ብቻ የእነሱን ውጤት ይሰጣል ብለሽ እንዳትከፍዪ።

አሁን ደግሞ የቤቴን ልንገርሽ። የአክስቴ ልጅ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ነው ያደገው። እናቱ እንዳንቺ አረብ አገር ነበረች። 13 ዓመት ሲሞላው የግል አዳሪ አስገባችው። እውነት ለመናገር ቀናሁበት። ለገና ዕረፍት ሲመጣ እንግሊዝኛው ጠርቷል፤ ማንም ሳይቀሰቅሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ያነባል። ትራሱን ሳነሳ ግን ከሥሩ የደረቀ ዳቦ አገኘሁ። “ምንድን ነው ይሄ?” ብለው “እዚያ ካልደበቅሽ ትልልቆቹ ይወስዱብሻል” አለኝ። ለእናቱ ግን በስልክ “ሁሉም ጥሩ ነው” ነበር የሚላት።

ይህ ልጅ አለፈ፤ ዛሬ ሥራ ይዟል። እናቱም ተመልሳለች። ባለፈው ፋሲካ ጠየቅኩት። “ትምህርቱን አልጸጸትበትም” አለ። ትንሽ ዝም ብሎ “ግን ከእማዬ ጋር ቁጭ ስንል ምን እንደማወራ አላውቅም” አለኝ። እናቱ ወጥ ቤት ነበረች። እንዳልሰማች ተስፋ አደርጋለሁ።

ከቤት ወጥቶ መማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ አገር አቋርጦ ይሄድ የለም? ስንቱ ሊቅ የወጣው ከዚያ ነው። ልዩነቱ የኔታ ከተማሪዎቹ አጠገብ መኖራቸው ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን ድጓውን ትቶ እንደተኛ ያውቃሉ። አዳሪ ትምህርት ቤትም የሚመዘነው በዚህ ይመስለኛል፤ ማታ ከልጁ ጋር ማን አለ?

ስለዚህ ገንዘብ ከመላክሽ በፊት የምታምኚውን ሰው ላኪ። የሚሄደውም በምዝገባ ቀን፣ ግቢው ታጥቦ ዳይሬክተሩ ከረባት አስረው በሚጠብቁበት ሰዓት አይሁን። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሳይነግር ይሂድ። መኝታ ክፍሉ ውስጥ የሚያድረው አዋቂ ማን ነው? ስንት ልጅ ይጠብቃል? ትንንሾቹና ትልልቆቹ አንድ ላይ ነው የሚተኙት? ልጅ ሌሊት ቢታመም ጤና ጣቢያ የሚወስደው ማን ነው? መምህራኑ እዚያው ይኖራሉ ወይስ 10 ሰዓት ሲሆን ሁሉም ይሄዳሉ? በሳምንት ስንት ጊዜ ስልክ ይደወላል፤ ሲደወልስ ተቆጣጣሪው አጠገቡ ይቆማል? ልጁ ባይስማማው ክፍያው ይመለሳል? መልሱን ደግሞ ከቢሮ ብቻ አትቀበሉ። አጥር ሥር የተቀመጠውን ተማሪ “ምሳ ምን በላችሁ?” ብሎ መጠየቅ ብዙ ያሳያል። በክፍያው ላይ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ የዕረፍት ጊዜ ትራንስፖርትና የኪስ ገንዘብ እንደሚጨመርም አትርሺ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእናትሽ ቃል አለ፤ የጎረቤት ወሬ አለ፤ የአንቺ ፍርሃት አለ። የልጁ ቃል ግን የለም። 14 ዓመት የሞላው ልጅ ምን ይላል? እስቲ መጀመሪያ እሱን ጠይቂው። “ልታስገቢኝ ነው?” ብሎ ከደነገጠም፣ “አዎ እማዬ” ብሎ ከተቻኮለም ለምን እንደሆነ አጣሪ። የሚቻኮለው ከሰፈር ጓደኛ ሸሽቶ ሊሆንም ይችላል።

ሁለተኛ፣ አያቱን የማይሰማ ልጅ የጎደለው ጥሩ አስተማሪ ነው ወይስ የሚቆጣው ወላጅ? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለተኛው ነው። ይህን ደግሞ አንቺ ከመጣሽ በነፃ ያገኘዋል። አዳሪ ካስገባሽው ግን ሌላ ሰው ቀጥረሽለት አንቺ እዚያው ትቀሪያለሽ። 2 ዓመት ሲያልቅ ገና 10ኛን ጨርሶ ነው፤ ያኔም “12ን እስኪጨርስ” ማለትሽ አይቀርም። ያን ጊዜ 18 ዓመቱ ነው።

እንግዲህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ያጠራቀምሽው ገንዘብ በእርግጥ ሱቋን የሚከፍት ከሆነ ኮንትራቱን አታድሺ፤ ነይ። ልጅሽ እዚያው መንግሥት ትምህርት ቤት ይቀጥል። ለአዳሪ ልትከፍዪ ካሰብሽው ጥቂቷን ቀንሰሽ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ አስጠኚ ያዢለት። ማታ ደብተሩን ገልጠሽ እዪ። አልተማርኩም ብለሽ አትፈሪ፤ ባዶ ገጽና የተጻፈበት ገጽ ለመለየት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። የ8ኛ ክፍል ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ደግሞ የነፃዎቹን አዳሪዎች መግቢያ ፈተና ይሞክር። ተመርጦ ከገባ በራሱ ጉልበት ነው፤ አንቺም አዲስ አበባ ሆነሽ ትጠይቂዋለሽ።

መመለስ የማይሆንልሽ ከሆነ፣ ዕዳ ካለብሽ ወይም እናትሽ ከእንግዲህ ልጅ መያዝ የማይችሉ ከሆነ ግን ምክሬ ይለወጣል። ያኔ በደንብ የተጣራ አዳሪ ትምህርት ቤት ጎዳና ላይ ከማምሸት ይሻለዋል፤ አንቺም ይህን በማድረግሽ ራስሽን አትውቀሺ። እሑድ እሑድ ሄዶ የሚጠይቀው አንድ ዘመድ ብቻ አታሳጪው።

ሌሎቻችሁም አዳሪ ተምራችሁ ያለፋችሁ፣ ወይም ልጅ አስገብታችሁ ያያችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ለዚህች እናት ከእኔ የተሻለ የምትነግሯት ይኖራል። እስከዚያው ሳምንት በሰላም ያገናኘን። ቸር ሰንብቱ!