ጨው ሦስት ጊዜ የገባበት ወጥ

ብዙ ሰው «እኔ ጨው አላበዛም» ይላል። የሚቆጥረው ግን ድስቱ ላይ ሲነሰነስ ያየውን ብቻ ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ከቅመሙ ጋር ጨው ገብቶበታል፤ ሽሮውም እንዲሁ። ወጡ ሊወጣ ሲል እንደገና ይጨመራል፤ አንዳንድ ቤት ደግሞ ገበታው ላይም ይቀርባል። ዳቦው፣ ቋንጣውና ከሱቅ የሚገዛው የሾርባ ቅመምም የየራሳቸውን ያዋጣሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ይህ ካልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ሲሆን የበርበሬውና የዳቦው ጨው በዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። የልጆች ከዚህም ያንሳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ምግብ ጭራሽ ጨው መጨመር አያስፈልግም።

ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ውኃን ሰውነት ውስጥ ያቆያል። በደም ሥር የሚሄደው ፈሳሽ ሲበዛ ግፊቱ ይጨምራል። ግፊት ደግሞ ምንም ሳያሳምም ለዓመታት ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። ጨው ሲቀነስ ግፊቱ በሳምንታት ውስጥ ዝቅ ማለት ይጀምራል፤ ለውጡ ግፊት ባለባቸውና ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ ይበልጣል።

ታዲያ ብዙ ቤት ለአያት ብቻ በትንሽ ድስት ጨው አልባ ወጥ ይሠራል። እናቴ ግፊት እንዳለባት ሲነገረን ይህ ሐሳብ እኛም ቤት ተነሥቶ ነበር። እሷ ግን «ከልጅ ልጆቼ ተለይቼ ምን ሊዋጥልኝ?» አለች። እውነቷን ነው። አብሮ መብላት በለመደ ቤት ለብቻ የሚቀርብ ሳህን ቅጣት ይመስላል፤ ብዙም አይዘልቅም። ስለዚህ የሁላችንንም ቀነስን። ልጆቹስ ቢሆኑ ምላሳቸው የሚለምደው አሁን አይደል?

በርበሬውና ሽሮው ያለ ጨው እንዲፈጭ አደረግን። በደንብ ደርቆ፣ እርጥበት በማይገባው ዕቃ ከተከደነ ይቆያል። አሁን ጨው የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል፣ በማንኪያ ተለክቶ ነው። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና ኮረሪማውን ጠንከር አድርገን፣ ሰላጣው ላይ ሎሚ እንጨምቃለን። መጀመሪያ ምግቡ አልጫ አልጫ ይላል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ምላስ ይለምዳል፤ የዱሮው መጠን ራሱ ይመራል።

ሁለት ማሳሰቢያ ልጨምር። የሚቀነሰው መጠኑ ነው እንጂ ጨዉ አዮዲን ያለው መሆኑ አይቅር፤ አዮዲን ከእንቅርት ይጠብቃል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ «ጨው ቀንሻለሁ» ብሎ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ፤ ግፊቱን እየተለካ ከሐኪሙ ጋር ይወስን።