ዝም ያለ ወላጅ በአሜሪካ ትምህርት ቤት



በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ወላጆች በርበሬና ሽሮውን ለማዘጋጀት ወራት ይፈጅባቸዋል። ልጆቹ ስለሚገቡበት ትምህርት ቤት አሠራር ግን የሚጠይቁት እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ስለምትኖር እሷ ዘንድ በከረምኩበት ጊዜ ካየሁትና ከጠየቅሁት ለተጓዦች ይጠቅማል ያልኩትን ላካፍላችሁ።

ደስ ከሚለው ልጀምር። የመንግሥት ትምህርት ቤት ከኪንደርጋርተን እስከ 12ኛ ክፍል በነፃ ነው። ልጁ የሚመደበው በምትኖሩበት አድራሻ እንጂ በመግቢያ ፈተና አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በሰጠው ውሳኔ መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ልጅ እንኳ ትምህርት አይከለከልም። ኪንደርጋርተን የሚባለው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በሜሪላንድ እስከ ሴፕቴምበር 1፣ በቨርጂኒያ እስከ ሴፕቴምበር 30 አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ይገባል። ለምዝገባ የልደትና የክትባት ማስረጃ፣ የመኖሪያ አድራሻን የሚያሳይ እንደ ኪራይ ውል ያለ ወረቀትም ይጠየቃል። ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው በስሙ ውል ስለማይኖረው ምን መቅረብ እንዳለበት ትምህርት ቤቱን ይጠይቅ፤ ለዚህም መፍትሔ አላቸው።

ከወረቀቱ ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። በጤና ጣቢያ የክትባት ካርድ ስንሞላ የምንጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነበር። መስከረም 2008 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ ካርድ አንድ አሜሪካዊ ሲያነበው ልጁ እንዳለ ሰባት ዓመት ይጨመርበታል። ስለዚህ ቀኖቹን እዚሁ በባለሙያ አስቀይራችሁና አስተርጉማችሁ ሂዱ። እነሱ ከሚጠይቋቸው ክትባቶች መካከል የጆሮ ደግፍና የጉድፍ በእኛ መደበኛ ክትባት ውስጥ አልነበሩም። ለቪዛ የሕክምና ምርመራ ስትሄዱ የሚሰጣችሁን የክትባት ወረቀት ቅጂ ከእጃችሁ አትለዩት፤ ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ከመወጋት ይድናል። በእኛ አጠራር የአባት፣ የእናትና የልጅ የመጨረሻ ስም ሦስቱም ስለሚለያይ የልደት ማስረጃው ወላጅነታችሁን የሚያሳይ መሆኑንም አረጋግጡ።

በምዝገባው ዕለት «ቤት ውስጥ የምትነጋገሩት በምን ቋንቋ ነው?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። አንዳንድ ወላጅ ልጄ ዝቅተኛ ክፍል ይገባብኛል ብሎ ሰግቶ «እንግሊዝኛ» ብሎ ይሞላል። ይህ ልጁን ይጎዳል። አማርኛ ብላችሁ ስትጽፉ ልጁ የእንግሊዝኛ መመዘኛ ይሰጠውና ካስፈለገው ተጨማሪ የቋንቋ ድጋፍ ያገኛል። ቋንቋውን የማይችል ተማሪ እገዛ ሳይደረግለት ክፍል ውስጥ ብቻ ተቀምጦ እንዳይቀር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1974 ወስኗል። ድጋፉ መብት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከፍ ላሉት ልጆች ደግሞ የክሬዲት ነገር አለ። እኛ አገር የ12ኛ ክፍል ፈተና ብዙ ነገር ይወስናል። እዚያ ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የታለፈ እያንዳንዱ ትምህርት ክሬዲት እየሆነ ይደመራል፤ ኮሌጆችም የአራቱንም ዓመት ውጤት ያያሉ። በሜሪላንድ ለመመረቅ ቢያንስ 21 ክሬዲት ያስፈልጋል። እዚህ 10ኛና 11ኛን የጨረሰ ልጅ ማኅተም ያለበት ትራንስክሪፕት ካልያዘ ያለፈው ሁሉ ሳይቆጠርለት ከ9ኛ ሊጀምር ይችላል። በ17 ዓመቱ ከ14 ዓመት ልጆች ጋር የተቀመጠ ወጣት ሞራሉ እንዴት እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ትራንስክሪፕቱን አስተርጉማችሁ ያዙ። ከዚያም ካውንስለር የሚባለውን አማካሪ አግኝታችሁ «ልጄ ስንት ክሬዲት ተያዘለት? ስንትስ ቀረው?» በሉት።

እዚህ ላይ ነው ልማዳችን የሚይዘን። እኛ አስተማሪን አክብረን ልጃችንን ካስረከብን በኋላ ጣልቃ አንገባም። «ወላጅ አምጣ» ከተባለም ልጁ አጥፍቷል ማለት ነው። እዚያ ግን ወላጅ የሚጠራው የጎበዙም የሰነፉም ነው። አስተማሪው ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይዞ ስለ ልጁ ሊነጋገር ይጠብቃል። ያልመጣው ወላጅ ሁለት ሥራ ስላለበት ይሁን ስላፈረ አያውቅለትም፤ ግድ የለውም ብሎ ሊያስብ ይችላል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረታችን እዚያ አይሠራም።

ሌላው እንቅፋት ቋንቋ ነው። ብዙ ወላጅ ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ይሄዳል። አንዲት እናት እንዳጫወቱኝ አስተማሪው ስለ ልጃቸው ረዘም አድርጎ ሲናገር ልጁ «ጎበዝ ነው ይላል» ብሎ አሳጠረው። ከወራት በኋላ በዘመድ በኩል ሲጣራ፣ አስተማሪው ሲናገር የነበረው ልጁ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እየቀረ ሁለት ትምህርት ሊወድቅ መቃረቡን ነበር። እናትየው የተናደዱት በልጁ ነው። እኔ ግን ልጁ ላይ የተጫነው ሸክም አሳዘነኝ። በነርስነት ዘመኔም ልጅ የእናቱን ሕመም ለሐኪም ሲያስተረጉም አይቻለሁ። እናት ልጇ ፊት ሁሉን አትናገርም፤ ልጁም የሚያስፈራውን ይዘላል። ከዚህም በላይ ደብዳቤውን፣ ስልኩንና ሂሳቡን የሚያነብ ልጅ ሳይታወቀው የቤቱ አባወራ ይሆናል፤ ወላጅ ተመልሶ «ተው» ለማለት አቅም ያጣል።

ይህን መሸከም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ወላጅ በሚገባው ቋንቋ መንገር አለባቸው፤ አስተርጓሚውም በነፃ ነው። ወገኖቻችን የሚበዙበት የሜሪላንዱ ሞንጎመሪ ካውንቲ ብዙ ወረቀቶችን በአማርኛ ያዘጋጃል። «አማሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ማለትን እዚሁ ተለማመዱት፤ በስልክም በአካልም ያገለግላል።

ልጃችሁ በገባ በመጀመሪያው ወር ሦስት ነገር ጠይቁ፦ አማካሪው ማን ነው? ውጤቱንና ቀሪውን የማየው በምንድን ነው? ድጋፍ የሚያስፈልገው በየትኛው ትምህርት ነው? እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም አትፈሩ። እዚያ የሚታዘቡት የሚጠይቀውን ወላጅ አይደለም።