ሳልቆም ለከፈልኩት ማቆሚያ

ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የኮቴ (የከተማ መግቢያ ክፍያ) ገመድን ይመለከታል

ክቡር ሚኒስትር፣

የኬላ አቤቱታ ለመሥሪያ ቤትዎ አዲስ ስላልሆነ ታሪኩን አልደግመውም። እጄ ላይ ስላለው ደረሰኝ ብቻ ልናገር።

ከሮቤ በአይሱዙ ስንዴ ጭኜ በዶዶላ በኩል ወደ አዲስ አበባ ስጓዝ፣ ስሟን ለጊዜው በማልጠቅሳት ከተማ መግቢያ ላይ ገመድ ተዘረጋብኝ። አንዱ ጫፍ የመብራት ምሰሶ ላይ ታስሯል፤ ሌላውን ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ልጅ ይዞታል። 200 ብር ተባልኩ፤ ከፈልኩ። ደረሰኙ «የተሽከርካሪ ማቆሚያ» ይላል። የቆምኩት ግን ገመዱ ስላቆመኝ ብቻ ነው! ማህተም የለውም፤ ቀንም አልተጻፈበትም። ካርቦን ስላልገባበት ጥራዙ ላይ የቀረው ቅጠል ባዶ ነው። ታዲያ ብሩ የትኛው ካዝና ገባ? ከከተማዋ ልወጣ ስል ደግሞ ሌላ ገመድ። ደረሰኜን ባሳይ «ያ የመግቢያ ነው» ተባልኩ።

ለከተማ መግቢያ ማስከፈል በራሱ ነውር አይደለም። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1975፣ ለንደን በ2003 ጀምረውታል። ዓላማቸው የመሀል ከተማን መጨናነቅ መቀነስ ነው፤ የለንደኑ ገቢም በሕግ ለትራንስፖርት ሥራ ይውላል። የእኛ ጭነት መሀል ከተማ የሚገባው አስፋልቱ በዚያ ስለሚያልፍ እንጂ ሽርሽር አምሮን አይደለም። ገመዱማ እንኳን መጨናነቅ ሊቀንስ ራሱ ሰልፍ ይፈጥራል።

በየሊትሩ ነዳጅ ለመንገድ ፈንድ እንከፍላለን፤ ቦሎ በየዓመቱ እናድሳለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 100 የታክስ መጠን ከአገልግሎቱ ጋር እንዲመጣጠን ያዛል። የገመድ አገልግሎት ምን እንደሆነ እርስዎ ካወቁ እባክዎ ለሕዝቡ ይንገሩት፤ ከፋዩ እኔ ብመስልም ሒሳቡ የሚወራረደው ዱቄት ላይ ነውና።

ስለዚህ በአክብሮት እጠይቃለሁ፦ ብሬ ይመለስልኝ። ገመዱ ይነሳ። ሕጋዊ ክፍያ ካለ ታሪፉ በሰሌዳ ይለጠፍ፤ ገንዘቡ በባንክ ወይም በቴሌብር ይግባ። የእስካሁኑ ጥራዝ ሁሉ ኦዲት ተደርጎ ውጤቱ በሬዲዮ ይነገር። ሲጠየቅም ገመድ ያዘረጋው ኃላፊ ይጠየቅ እንጂ የድሃ ልጅ አይታሰር። ከተሞችን ሳያቋርጥ የሚያልፍ የጭነት መንገድ ይሠራልን፤ እስከዚያው ሮቤና ጎባ አጥር፣ መብራትና ሽንት ቤት ያለው ማቆሚያ ያግኙ። ያኔ ቆመን እንከፍላለን።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሮቤ የጭነት መኪና ባለንብረት

ግልባጭ፦
ለሮቤ፣ ለጎባና ለዲንሾ ሾፌሮች
ለባሌ ስንዴ አምራቾች
ዳቦ ለሚገዛ ሁሉ