ሽፈራውም ኪኒኑም፣ ባለሙያው እያወቀ

በጋሞና በኮንሶ አካባቢ ሽፈራው ከጓሮ የማይጠፋ ዛፍ ነው። ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከኩርኩፋ ጋር ይበላል። አሁን አሁን ደግሞ ደርቆና ተፈጭቶ ለገበያ ይቀርባል። ችግኙ ሲከፋፈል ድርቅን መቋቋሙና ለከብትም ለሰውም መሆኑ ከተነገረ በኋላ «ለደም ብዛትም ፍቱን ነው» ተብሎ መጨመሩ የተለመደ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት።

አባባሉ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሽፈራው ቅጠል ግፊትን ዝቅ እንደሚያደርግ አመልክተዋል። ነጭ ሽንኩርትና ከርከዴም በመጠኑ ይቀንሳሉ። ይሁን እንጂ ግፊትን መቀነስና ኪኒንን መተካት ለየቅል ናቸው።

ደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። አርሶ አደሩ ከጤና ጣቢያ የታዘዘለትን ኪኒን ከዱቄቱ ጋር ሁለት ወር ይወስዳል፤ ሲለካ ግፊቱ ወርዷል። ምስጋናው ለዱቄቱ ይሆንና ኪኒኑ ይቀራል። ግፊቱ ቀስ ብሎ ከ140/90 በላይ ሲመለስ የሚነግረው ምልክት የለም፤ አንድ ቀን ጠዋት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ እስኪለው ድረስ። በመኸር ወቅት የቤቱ አራሽ አልጋ ላይ ሲውል ማሳው የማን እጅ ይጠብቃል?

ሁለቱን አብሮ መውሰድም የራሱ ጣጣ አለው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለው ኪኒን ሽንት ያበዛል። ይህን የሚወስድ ሰው በጠራራ ፀሐይ ሲያርም ውሎ፣ ግፊት የሚቀንስ ዱቄትም ከጨመረበት፣ ካጎነበሰበት ቀና ሲል ዓይኑ ሊጨልምና ሊወድቅ ይችላል። ኢናላፕሪል በበኩሉ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ያደርጋል፤ የሽፈራው ቅጠልም ፖታሲየም በብዛት አለው። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ቅጠሉን በምግብ መልክ መብላት እምብዛም አያሰጋም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው በየቀኑ በጭልፋ የሚበጠበጥ ዱቄት ግን የልብ ምትን እስከ ማዛባት ሊደርስ ይችላል። አስፕሪን የታዘዘለት ሰው ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲውጥ የመድማት አደጋው ሊጨምር ይችላል።

ደግሞ ሳሉ አለ። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስይዘዋል። ሰውየው ብርድ ነው ብሎ ዝንጅብልና ጤና አዳም ሲያፈላ ወራት ያልፋሉ፤ ወይም ተማሮ ኪኒኑን ይተዋል። ለባለሙያ ቢነግር መድኃኒቱ በሌላ ይቀየርለት ነበር።

ለምን አይነግርም? አንዳንድ የጤና ባለሙያዎች ቅጠል የሚለውን ቃል ሲሰሙ ስለሚቆጡ ነው። የተቆጡት አርሶ አደር ዱቄቱን አይተውም፤ መናገሩን ይተዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ «መድኃኒት አልቋል» የሚለው መልስ ነው። ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ጓሮው ውስጥ ወዳለው ቅጠል ቢሄድ አይፈረድበትም፤ ተጠያቂው አቅርቦቱን የሚመራው አካል ነው።

የወረዳ ግብርናና ጤና ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ግቢ እየዋሉ በዚህ ጉዳይ አለመነጋገራቸው አያስኬድም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ችግኝ ሲያከፋፍል «ኪኒን የምትወስዱ ሳትነግሩ አትጀምሩ፣ ኪኒኑንም በራሳችሁ አታቋርጡ» ቢል የሚጠይቀው በጀት የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም በቤት ለቤት ጉብኝቷ ስለ ቅጠሉ ያለ ቁጣ ልትጠይቅ ይገባል።

አርሶ አደሩም ለቀጠሮ ሲሄድ ኪኒኑን፣ ዱቄቱንና የሚሰፍርበትን ማንኪያ ይዞ ይሂድ። የአንዱ ቤት ማንኪያ የሌላው ቤት ጭልፋ ነውና ባለሙያው መጠኑን በዓይኑ ማየት አለበት።