መንገድ መሪ መያዝ ፈሪነት ነው እንዴ?

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እጮኛሽ «ቦሩ ሜዳ ወጥተን ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል እንይ» ብሎሻል። የሰፈሩን ልጅ መንገድ መሪ እንያዝ ስትዪው ግን «የወሎ ልጅ ሆኜ በመሪ?» ብሎ አኮረፈ። ነገሩ የገንዘብ ሳይሆን የኩራት መሰለኝ።

እስቲ ይህን ንገሪው። ኖርዌይ ውስጥ ፕሬኬስቶለን የሚባል አለት አለ። ከሥሩ ካለው የባሕር ወሽመጥ 604 ሜትር ከፍ ይላል፤ አፋፉ ላይ አጥር የለውም። በመሪ የሚወጡ ጎብኚዎች አሉ፤ ፈሪ ያላቸው የለም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው፤ ሐረጎን ዞራችሁ ደሴ ስትገቡ የወጣችሁት ከዚያ አለት አያንስም ማለት ነው!

እኔ መሪ የምይዘው መንገድ ስለሚጠፋኝ ብቻ አይደለም። ጉም ሲወርድ ሜዳውና አፋፉ አንድ ይሆናሉ። የትኛው ሣር ሥሩ እንደተቦረቦረ የሚያውቀው እዚያ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛና ምኒልክ ስለተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤም ያጫውታችሁ ይሆናል። ዋጋ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ምሳውንም አስቡለት። የአካባቢውን ሰላም በዕለቱ ጠይቁ። ሹራብ ያዙ፣ በጠዋት ውጡ፤ በክረምት ግን ይቅርባችሁ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ለፎቶ ብሎ «ወደ ጠርዙ ነይ» ሲልሽ «እፈራለሁ» በይው። ከሳቀብሽ እዚያው ቁጭ በይ፤ ከጎተተሽ ከመሪው ጋር ተመለሺ። የሠርጉን ቀን አልነገርሽኝም። ካልቆረጣችሁ፣ መጀመሪያ ቦሩ ሜዳ ውጡ።