ጸጉራሟ ቡችላ ፋሽን፣ የሰፈሩ ውሻ የድንጋይ ዒላማ?



በእኛ ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ውሻ ሁለት ዕጣ አለው። አንዱ መንገድ ዳር እንደተኛ ድንጋይ ይወርድበታል። ሌላዋ ነጭ ጸጉራም ቡችላ፣ ሪቫን ታስሮላት ሶፋ ላይ ለቲክቶክ ትቀረጻለች። ከሙስሊም ወጣቶች መካከል ሁለቱንም የሚያደርጉ አሉ። እኛ ሁለቱንም እንቃወማለን።

ከፋሽኑ እንጀምር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለአደን፣ ለከብት ጥበቃ ወይም ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚይዝ ሰው ከአጅሩ በየቀኑ እንደሚቀነስበት፣ ውሻ ያለበት ቤትም መላእክት እንደማይገቡ አስተምረዋል። ሐዲሶቹ ቡኻሪና ሙስሊም ዘንድ የተረጋገጡ ናቸው። ብዙ ዑለማዎች ለቤት ጥበቃ የሚያስፈልገውንም ከነዚህ ጋር አያይዘው ፈቅደዋል።

«እሷም እኮ ትጮኻለች» ትላለህ ወንድሜ። ለጩኸት ከሆነ ሪቫኑ ለምን አስፈለገ? «በሻምፑ ታጥባለች» ትያለሽ እህቴ። ጉዳዩ የሻምፑ አይደለም። በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ ነጃሳ ነው፤ የላሰው ዕቃም 7 ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። «ማሊኪዮች ጧሂር ነው ይላሉ» የሚል ካለ፣ እውነት ነው። ያለ ምክንያት መያዝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ የአጅሩ ሐዲስ የሚናገረው ስለ መያዝ ነው።

ሻጩ የማይነግርህም አለ። የማልቲዝና የሺ ትዙ ጸጉር በየቀኑ ካልተበጠረ ይቋጠራል፣ ቆዳዋም ይቆስላል። አፍንጫቸው ደፍጣጣ የሆኑት በሙቀት ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የትንንሾቹ ጥርስ ቶሎ ይታመማል። ሽንኩርት የበዛበት ወጥና ቸኮሌት ይመርዛቸዋል። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። የአንተ ቪዲዮ ግን በሳምንቱ ይረሳል። ያኔ እሷ የት ልትወድቅ ነው?

አሁን ቤትህ ካለች ጎዳና ላይ አትጣላት፤ ይህ ዙልም ነው። በአግባቡ የሚይዛት ሰው እስክታገኝ አብላት፣ አስከትባት፣ የምትሰግድበትን ቦታ ጠብቅ። አማና ናት።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ። «ነጃሳ ነው» ማለት «ምታው» ማለት አይደለም። ከጥም ብዛት እርጥብ አፈር ሲልስ ያየውን ውሻ፣ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣውን ሰው አላህ እንደማረው የነገሩን ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት ደግሞ ለእሳት ተዳርጋለች። የዋሻው ሰዎች ውሻም በሱረቱል ከህፍ ተወስቷል።

የእብድ ውሻ በሽታ ፍርሃት ተገቢ ነው። የሚከላከለው ግን ክትባት እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ የተደበደበ ውሻ ይበልጥ ይናከሳል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል።

ዲናችን ከውሻ ጋር ሶፋ ላይ እንድንተኛም፣ ውሻ እንድናሰቃይም አላዘዘም። ወሰን አበጅቶ እዝነትን አዟል። አላህ ወሰኑን ከሚጠብቁ፣ ለፍጡሩም ከሚያዝኑ ያድርገን። አሚን።