ሌባሻ በሂፕኖቲዝም ስም ሲመለስ

ባለፈው ወር ከመኝታ ክፍላችን አንድ ስልክ ጠፋ። በሳምንቱ ቅዳሜ ዘንገና ሐይቅ ለሽርሽር ሄደን ሳለ፣ ከመካከላችን አንዱ «ሂፕኖቲዝም አውቃለሁ» ብሎ አንድ ጓደኛችንን ከዳር ካለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠውና ውኃውን ትኩር ብሎ እንዲያይ አዘዘው። ዘንገናን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ያ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ በደን ተከቦ ፀጥ ሲል ማንም ሳያዝዝ ሰውን ያፈዛል። ልጁ ዓይኑን ከደነ፤ ድምፁም ዝግ አለ። ጠያቂው «የወሰደው ከእኛው ፎቅ ነው? ረጅም ነው? ማታ ማታ የሚያመሽ ነው?» እያለ ቀጠለ። በመጨረሻ የአንድ ተማሪ ስም ከልጁ አፍ ወጣ። ስሙ የተጠራው ተማሪ ከዚያ ቀን ጀምሮ በምግብ አዳራሽ ብቻውን ይበላል። እኔም ያን ጊዜ ቆመው ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩና፣ ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም።

አያቶቻችን ይህን ነገር ያውቁታል፤ ስሙ ሌባሻ ይባል ነበር። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲያመለክት፣ ለአንድ ልጅ መድኃኒት የገባበት መጠጥ ይሰጡታል፤ ያስጨሱታልም። ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡን በመታጠቂያ አስረው ይለቁታል፤ ጫፉን ግን አንድ ትልቅ ሰው ይይዛል። ልጁ እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ይገባል፤ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ይህ ልማድ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተከለከለ። እንግዲህ ልጠይቅ፦ ልጁን የሚመራው መድኃኒቱ ነበር ወይስ የመታጠቂያውን ጫፍ የያዘው እጅ?

በበርሊን ከተማ ሂሳብ ያውቃል የተባለ ሃንስ የሚሉት ፈረስ ነበር። መልሱን በኮቴው መሬት እየመታ ይቆጥራል። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ በ1907 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) እንዳስረዳው፣ ፈረሱ ሂሳብ አያውቅም። ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው የሚያሳየውን ትንሽ እንቅስቃሴ አይቶ ይቆም ነበር። መልሱን የማያውቅ ሰው ሲጠይቀው ግን ፈረሱም ይሳሳታል። በዘንገና ዳር የቀረቡት ጥያቄዎችም እንደዚያ መታጠቂያ ነበሩ። ያን ተማሪ ከቅዳሜ በፊትም ስናማው ሰንብተናል፤ ሐሜቱንም ልጁ ሰምቷል። ልጁ ዋሸ አልልም፤ የሰማውን መልሶ ነገረን እንጂ።

ሂፕኖቲዝም የሰውን ፈቃድ ይማርካል የሚለውም እምነት ሊመረመር ይገባል። ስሙ ከግሪክኛው «እንቅልፍ» ይምጣ እንጂ ሰውየው አልተኛም፤ ይሰማል፣ ያስባል። በ1965 ማርቲን ኦርንና ፍሬድሪክ ኢቫንስ ባሳተሙት ጥናት፣ ሂፕኖታይዝ የተደረጉ ሰዎች እጃቸውን አሲድ ውስጥ እንዲያስገቡ ሲታዘዙ ብዙዎቹ ታዘዙ። ነገር ግን «እንዲያው አስመስሉ» የተባሉትም እንዲሁ ታዘዙ! ሁለቱም ወገኖች ተመራማሪው ጉዳት እንደማያደርስባቸው ያምኑ ነበር። ስለዚህ እጃቸውን ያንቀሳቀሰው ልዩ ኃይል ነው ለማለት አይቻልም፤ እምነትና የሰው ፊት ይበቁ ነበር።

ፍርድ እንዳላዛባ፣ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ለአንዳንድ ሰዎች በሐኪም እጅ ሕመምን እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል፤ ሌሎችን ደግሞ ምንም አይነካቸውም። ሕመም ማስታገስ ግን አንድ ነገር ነው፣ እውነት ማውጣት ሌላ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ1985 ባወጣው ሪፖርት፣ በዚህ መንገድ የተገኘ ትዝታ ከተራው ትዝታ የበለጠ የታመነ አለመሆኑን፣ ያልሆነ ነገርም እንደሆነ ሆኖ ሊታወስ እንደሚችል ገልጿል። የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1982 እንዲህ ያለውን ምስክርነት አልቀበልም ብሏል። ከሁሉ የሚከፋው፣ የተሳሳተው ሰው በስሕተቱ ላይ ያለው እርግጠኝነት መጨመሩ ነው።

«ልጁ የጠራው እውነተኛውን ሌባ ቢሆንስ?» የሚለኝ ይኖራል። ቢሆንም ማስረጃው ስልኩ ነው፤ ያየ ምስክር ነው፤ የሰው ፈዞ መናገር አይደለም። ሌባሻውም አንዳንድ ቀን በትክክለኛው ደጃፍ ወድቆ ይሆናል። በሌሎቹ ቀኖች ግን ምንም ያላጠፋ ሰው ከፍሏል።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የአንድ ጓደኛችን ስም ግን ገና በሕይወት ሳለ በእኛው እጅ እየተቀበረ ነው። ኅብረታችን በስብሰባው ላይ በፍዘት የተነገረ ቃል በማንም ላይ ማስረጃ እንዳይሆን ይወስን። መምህራኖቻችንም በጉዳዩ ላይ አንድ ቀን ሰብስበው ያስተምሩን። እኔ ግን ውሳኔውን አልጠብቅም፤ ዛሬ ማታ ምግቤን ይዤ ከዚያ ተማሪ ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ቦታው ሰፊ ነው።